ሸማን በአውስትራሊያ ዕፅዋት ማቅለም፦ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ሥሩና ስለ ዕውቀቱ ባለቤቶች

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነዋሪ ናት። ከአገር ቤት የሸማኔ ጨርቅ እያስመጣች ሻርፕና ቀሚስ ሰፍታ ትሸጣለች። ከእንግዲህ የፋብሪካ ቀለም ትታ በአውስትራሊያ አገር በቀል ዕፅዋት ማቅለም ፈልጋለች። "የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች የሆኑት አቦሪጂናል ሕዝቦች በዚህ ነገር ጥልቅ ዕውቀት እንዳላቸው ሰምቻለሁ። የትኛው ተክል የትኛውን ቀለም ይሰጣል? የእነሱን አሠራር ከየት ልማር? ልብሱ ላይ ‘በአቦሪጂናል ባህላዊ ቀለም የተነከረ’ ብዬ ብጽፍስ ችግር አለው?" ስትል ጠይቃለች።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። አዎ፣ ችግር አለው። "በባሕር ዛፍ ቅጠል የተነከረ" ብለሽ ጻፊ፤ እውነት ስለሆነ የሚጠይቅሽ የለም። "የአቦሪጂናል ቀለም" የሚለውን የምትጽፊው ግን የዕውቀቱ ባለቤቶች አብረውሽ ሠርተው፣ ተስማምተው፣ ድርሻቸውንም ተቀብለው ሲሆን ብቻ ነው። ቅጠል ውስጥ ያለው ቀለም ማንም ቢቀቅለው ይወጣል። የትኛው ሥር፣ በየትኛው ወቅት፣ ከየትኛው መሬት፣ በማን ፈቃድ እንደሚቆፈር ማወቅ ግን ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ የሰው ሀብት ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይተሽ ከያዝሽ ሥራሽ የተቃና ይሆናል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰጂልኝ።)

"የእነሱን አሠራር" ስትይ አንድ አሠራር ያለ መስሎሽ ከሆነ እዚህ ላይ ላርምሽ። እንግሊዞች በ1788 ሲሰፍሩ በአህጉሩ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር፤ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ምድር፣ የራሱ ተክልና የራሱ ሕግ አለው። በአህጉሩ ሰሜን ጫፍ ባለው በአርንሄም ላንድ ሴቶች የሚቆፍሩት ሥር አንቺ ያለሽበት አገር አይበቅልም። ሜልበርን ያረፈችው በዉሩንጄሪና በቡኑሮንግ ሕዝቦች ምድር ላይ ነው፤ የእነሱ ሽማግሌዎችም ስለ አርንሄም ላንድ ሥር ፈቃድ ሊሰጡሽ ሥልጣን የላቸውም። የማንን ዕውቀት እንደፈለግሽ በስሙ መጥራት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በጥንቱ አኗኗር ጥጥ ፈትሎ በሸማ ዕቃ መሸመን በአህጉሩ አልነበረም። ቀለም የሚያርፈው በገላ፣ በቆዳ፣ በገመድ፣ በቅርጫትና በእንጨት ላይ ነበር። አንቺ ባለሽበት በደቡብ ምሥራቅ ሰው የሚለብሰው ፖሰም የሚባል የዛፍ ላይ እንስሳ ቆዳ ካባ ነበር። ብዙ ቆዳ ተሰፍቶ አንድ ይሆናል፤ ጸጉር የሌለው ገጽ በስለት ተቧጭሮ የባለቤቱ ምድርና ወገን ምልክት ይቀረጽበታል፤ ከዚያ ቀይ አፈር ከስብ ጋር ተለውሶ ይቀባል። ለሕፃን በጥቂት ቆዳ የተጀመረው ካባ ልጁ ባደገ ቁጥር ቆዳ እየተጨመረበት አብሮት ያድጋል፤ ሲሞትም ይጠቀለልበታል። በቅኝ ግዛቱ ዘመን መንግሥት ብርድ ልብስ ማደል ጀመረ፣ ሰዎቹም ከምድራቸው ተነቀሉ፤ ሥራው ሊጠፋ ደረሰ። ከጥንቶቹ ካባዎች በ1853 ከኢቹካ አካባቢ እና በ1872 ከሌክ ኮንዳ የተገኙት ሁለቱ በሜልበርን ሙዚየም ይገኛሉ። በ1999 የቪክቶሪያ ሴት አርቲስቶች እነዚያን ካባዎች አይተው ሥራውን እንደገና አስነሡት፤ በ2006 ሜልበርን የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችን ስታስተናግድ ሽማግሌዎቹ በመክፈቻው ላይ አዲስ የተሠሩ ካባዎችን ለብሰው ታዩ። ከተማሽ ውስጥ ያለ ታሪክ ስለሆነ ሙዚየሙን ሄደሽ ብታዪ ደስ ይለኛል፤ ካባውን አይተሽ ስትመለሺ ጥያቄሽ ራሱ ይለወጣል።

በዕፅዋት ቀለም ረገድ በጣም የበለጸገው የማውቀው ሥራ ያለው ሰሜን፣ አርንሄም ላንድ ውስጥ ነው፤ ማኒንግሪዳ፣ ጉንባላኛ፣ ራሚንጊኒንግና ሌሎችም መንደሮች። ቀለም የሚነከረው ፓንዳነስ የሚባል ረጅም፣ ጠርዙ እሾኻማ የሆነ ቅጠል ነው። ሴቶቹ በቆልማማ ዘንግ ከዛፉ እምብርት ገና ያልተዘረጋውን ቅጠል ስበው ያወጣሉ። የጠርዙን እሾህ ገፈው፣ ቅጠሉን በጥፍር ከፍለው ስስ ክር ያደርጉታል፣ ያደርቁታል። ከዚያ ከተከተከተ ሥር ጋር በትልቅ ጣሳ ውስጥ እሳት ላይ ይጣዳል። እናቶቻችን አክርማ ነክረው ሙዳይና መሶብ እንደሚሰፉት ሁሉ፣ እነዚህም በነከሩት ክር ቅርጫትና ምንጣፍ ይሠሩበታል።

ለቀይ፣ ለቡናማና ወደ ወይን ጠጅ ለሚያዘነብል ቀለም የሚያገለግለው ሄሞዶረም የሚባል ሣር መሰል ተክል ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ሽንኩርት መሰል ሥሩ ሲቆረጥ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ለቢጫ ደግሞ ኮሎስፐርመም የሚባል ቁጥቋጦ ሥር ይቆፈራል። ክሩ በቢጫው ውሃ ውስጥ እንዳለ አመድ ሲነሰነስበት ቀለሙ ወደ ብርቱካንማና ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ይዞራል። ኬሚስትሪው ግልጽ ነው። ሥሩ ውስጥ ያለው አንትራኪኖን የሚባል ቀለም ነው፤ ይህ ቀለም አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲያገኘው ይቀላል፣ አመድ ደግሞ አልካላይ ነው። ሴቶቹ ግን አመድ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ የትኛው እንጨት ወይም ቅጠል ተቃጥሎ አመዱ እንደሚያስፈልግ ይመርጣሉ። ሥሩ መቼ እንደሚወፍርም፣ ከአንድ ቦታ ምን ያህል ተወስዶ ምን ያህል እንደሚቀርም ያውቃሉ። አንድ ሰው "ሥሩን ቀቅዪ፣ አመድ ጨምሪ" ብሎ ቢጽፍልሽ ከዕውቀቱ የሰጠሽ ሲሶውን እንኳ አይሆንም።

ይህ ዕውቀት ደግሞ ከጥንት የተቀበረ ቅርስ ተደርጎ እንዳይታይብሽ። ዛሬ በቅርጫቶቹ ላይ የምናየው የቀለም ብዛት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶቹ ራሳቸው እየሞከሩ ያሰፉት ነው። የቅርጫቱ አሰፋፍ ራሱ ተጉዟል፦ እየጠቀለሉ የሚሰፉበት ስልት የደቡቡ የመሪ ወንዝ ንጋሪንጄሪ ሕዝብ ነበር፤ በ1920ዎቹ በሚሲዮናውያን በኩል ሰሜን ወደ ጎልበርን ደሴት ደርሶ ከዚያ ተስፋፋ። መካከለኛው በረሃ ላይ፣ አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ዳር፣ ያረንይቲ አርልተሬ የተባለው የሥነ ጥበብ ማእከል አባላት አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ከአካባቢው ቅጠልና ከዛገ ብረት ጋር እየቀቀሉ ያቀልማሉ፤ ከእሱም ወፍና እንስሳ፣ ሰውም ይሰፋሉ፤ የጥልፋቸው ውበት ልዩ ነው። በአንጻሩ ዩቶፒያ የሚባለው አካባቢ ሴቶች ከ1977 ጀምረው የሠሩት ዝነኛው ባቲክ (ጨርቅን በሰም እየከለሉ ማቅለም)፣ ማኒንግሪዳም በባባራ የሴቶች ማእከል የሚታተመው ጨርቅ በዘመናዊ ቀለም የተሠራ ነው። ይህ ሥራቸውን ከባህል አያወጣውም። የሥዕሉ ታሪክ የእነሱ ነው፤ ቀለሙን ከፈለጉበት ያመጣሉ። እኛ ገዢዎች "ተፈጥሯዊ ካልሆነ አቦሪጂናል አይደለም" ማለታችን እኛው የፈጠርነው መለኪያ ነው።

አሁን አንቺ ነገ ጠዋት ልትጀምሪው ወደምትችዪው ልምጣ። ባሕር ዛፍ።

ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት በተጨነቀች ጊዜ የታደጋት ዛፍ ከአውስትራሊያ እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙው ሰው የማያውቀው፣ ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ዝርያ የትውልድ አገሩ ታዝማኒያና ደቡብ ቪክቶሪያ፣ ማለትም አንቺ ያለሽበት አካባቢ መሆኑን ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለውም በዚያው አገር በየወንዙ ዳር የሚበቅለው ነው። የባሕር ዛፍ ዝርያ ከ700 በላይ ነው፤ የቀለም ስጦታቸውም እጅግ ይለያያል። አንዱ ፈዛዛ ቢጫ፣ ሌላው ቡናማ ይሰጣል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ እንደ ሸክላ የቀላ ብርቱካንማ። ለዚህ ለመጨረሻው ምርጡ ሲኔሪያ የሚባለው ነው፦ ቅጠሉ ክብ፣ ብርማ አመድ የመሰለ። አበባ ሻጮች "ሲልቨር ዳላር" እያሉ እቅፍ አበባ ውስጥ የሚጨምሩት እሱን ወይም ዘመዱን ነው። አበባ ቤት ሄደሽ የሚጥሉትን ቅጠል ስጡኝ ብትያቸው ብዙዎቹ በደስታ ይሰጡሻል፤ ደርቆ ቢሆንም ቀለሙ አይጠፋም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሱፍ ወይም የሐር ጨርቅሽን ደረቁን መዝኚ። ክብደቱን ያህል፣ ጠንከር እንዲል ከፈለግሽ እጥፉን ቅጠል ከታትፈሽ በውሃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀቅዪ። አጥልዪው። አስቀድመሽ በውሃ ያረጠብሽውን ጨርቅ ጨምረሽ ሙቀቱን ቀስ በቀስ አሳድጊ፤ ሱፍ ድንገተኛ ሙቀትና ማማሰል ካገኘው ይጨማደዳልና ከመፍላት በታች፣ 85 ወይም 90 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆዪው፣ እዚያው ድስት ውስጥ ይቀዝቅዝ። አሉም የሚባለው ጨውም ሆነ ሌላ ቀለም ማጣበቂያ አያስፈልገውም፤ የባሕር ዛፍ ትልቁ ጸጋ ይህ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፍላቮኖይድና ታኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ራሳቸው ሱፉን ይይዙታል። ጊዜውና ሙቀቱ ሲጨምር ቢጫው ወደ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማው ወደ ቀይ ያዘነብላል። የሜልበርን የቧንቧ ውሃ ለስላሳ መሆኑ ይረዳሻል፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

የአንቺ ጨርቅ ግን ጥጥ ነው፤ ዋናው ፈተናሽ እዚህ ላይ ነው። ሱፍና ሐር ከእንስሳ የተገኙ ፕሮቲን ስለሆኑ ቀለም ይጠጣሉ። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ እንዲያው ብትነክሪው ያ ደማቅ ብርቱካንማ ፈዝዞ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ቀለም የሚያሳዩ ብዙ ውብ ፎቶግራፎች በሱፍ ላይ የተሠሩ ስለሆኑ፣ በጥጥ ሲሞክሩት ተስፋ የሚቆርጡ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ብርቱካንማና ቀይ የግድ ከፈለግሽ ጨርቁን ለውጪ። ጉሎ ቅጠል በሚመገበው ትል የሚመረተው የኤሪ ሐር አገራችን ውስጥ በሸማኔ እጅ እየተሠራ ነው፤ የሐር ሻርፕ ብታስመጪ ባሕር ዛፉ ያለውን ሁሉ ይሰጥሻል። በጥጥ መቀጠል ከፈለግሽ ግን ጥጥ የሚያምርበትን ቀለም ምረጪ፤ ወርቃማ ገለባ፣ ካኪ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ማለት።

ለ1 ኪሎ ጨርቅ የምሠራበትን ልንገርሽ። መጀመሪያ ጥጡ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ማጠብ ስል መቀቀል ማለቴ ነው። 20 ግራም ያህል ሶዳ አሽ (የልብስ ማጠቢያ ሶዳ) እና ጥቂት ሳሙና ጨምረሽ አንድ ሰዓት ለስለስ ባለ እሳት ቀቅዪው። በተለይ በእጅ የተፈተለ ከሆነ ውሃው እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ የጥጡ ሰምና እድፍ ነው። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ድገሚው። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ቀለሙ ቡራቡሬ ሆኖ ይወጣበታል፣ ጥፋቱንም በቅጠሉ ያሳብባል።

ከዚያ ታኒን። ለዚህ የሚበጀው የአውስትራሊያ ግራር ቅርፊት ነው፤ እዚያ "ዋትል" የሚሉት። ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ውስጥ ብላክ ዋትል የሚባለው ዝርያ ቅርፊት ታኒኑ እጅግ ብዙ ስለሆነ ለቆዳ ፋብሪካ ወደ ሌላ አገር ሁሉ ተወስዶ ተተክሏል። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ገበሬዎቹ ለከሰል የሚያለሙት ዲከረንስም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ የትውልድ ቦታው ሲድኒ አካባቢ ነው። አገር ቤት ሆኖ ይህን የሚያነብ ሸማኔ ካለ ቅርፊቱን ይሞክረው። ከጨርቁ ክብደት ሩብ እስከ ግማሽ የሚሆን ቅርፊት ሰባብረሽ ቀቅለሽ አጥልዪ፤ ጨርቁን በሞቀው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ፈዛዛ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ይነሳል።

በማግሥቱ አሉም። 150 ግራም አሉም በሙቅ ውሃ፣ 20 ግራም ሶዳ አሽ በሌላ ዕቃ በሙቅ ውሃ አሟሚና ሶዳውን በትንሽ በትንሹ ወደ አሉሙ አፍሺው። አረፋ ይነሳል፤ ስለዚህ ባልዲው ትልቅ ይሁን። አረፋው ሲበርድ ውሃ ጨምረሽ ጨርቁን አስገቢ፣ ይደር። ከዚህ በኋላ ጨርቁ ለቀለም ዝግጁ ነው፦ ባጠለልሽው የባሕር ዛፍ ውሃ ውስጥ 70 ወይም 80 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እሳቱን አጥፍተሽ እዚያው ይደር። ጥጥ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሦስት ሌሊት የወሰደበት ጨርቅ በአንድ ከሰዓት ከተነከረው ጋር አይወዳደርም።

ግራጫና ጥቁር የሚመጣው በብረት ነው። ታኒን ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል። የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ያንን ውሃ መጠቀም ይቻላል፤ ለምትሸጪው ልብስ ግን አልመክርሽም፣ ምን ያህል ብረት እንዳለበት አይታወቅምና። ፌረስ ሰልፌት የሚባለውን የብረት ጨው ገዝተሽ በሚዛን ሥሪ፦ ለ1 ኪሎ ጨርቅ ከ10 እስከ 20 ግራም። በሌላ ድስት፣ ለብ ባለ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ወዲያው እጠቢው። ብረት ከበዛ ጥጡን ይበላዋል። ነጠላ ደግሞ ፈትሉ ስስ ስለሆነ ዕድሜው ከሌላው ጨርቅ ቀድሞ ያልቃል፤ ዛሬ ያማረ ጥቁር ነጠላ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲነኩት ይቀደዳል። ጋቢ ወይም ወፈር ያለ ቡልኮ ይሻለዋል።

ድስቱ ምግብ የማይሠራበት ይሁን፤ ባሕር ዛፍ ስትቀቅዪ ደጅ ላይ ወይም መስኮት ከፍተሽ፣ አስም ያለበት ሰው ካለ ራቅ አድርገሽ። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ቅጠሉን ከየት ታመጫለሽ? ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መቅጠፍ ክልክል ነው። በሌላ የመንግሥት መሬት ላይም ቢሆን ብዙ አገር በቀል ዕፅዋት በቪክቶሪያ ሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ ያለ ፈቃድ አይነኩም። ከራስሽ ወይም ከጎረቤት ግቢ፣ ከአበባ ቤት፣ ዛፍ ከሚገርዙ ሠራተኞች ውሰጂ፤ ማዕበል የጣለውን ቅርንጫፍ ደግሞ የአካባቢውን ምክር ቤት ጠይቀሽ። የቆመ ግራር ቅርፊቱን ዙሪያውን ከገፈፍሽው ዛፉ ይሞታል፤ የተቆረጠ ፈልጊ። ሥር ግን አትቆፍሪ፣ የትም። የሥር ቀለም የመሬቱ ባለቤቶች ጉዳይ ነው።

አሁን መማርን በተመለከተ። ሜልበርን ፌዴሬሽን አደባባይ ላይ ኩሪ ሄሪቴጅ ትረስት አለ፤ በአቦሪጂናል ሰዎች የሚመራ ተቋም ነው፣ ትምህርቶችና የሥራ ማሳያዎች ያዘጋጃል፣ የቪክቶሪያ አርቲስቶችን ሥራም ይሸጣል። ከዚያ ጀምሪ። ከሰሜኖቹ ሴቶች መማር ከፈለግሽ በየዓመቱ ነሐሴ ገደማ ዳርዊን ላይ የሚካሄደው የአቦሪጂናል ሥነ ጥበብ ትርኢት አለ፤ ማእከሎቹ በራሳቸው ጠረጴዛ የሚሸጡበት፣ ሠሪዎቹም ተቀምጠው የሚያሳዩበት ነው። ስትሄጂ እንደ ተማሪ ሂጂ። እናቶችን ቁጭ ብሎ ማየትና አብሮ መሥራት አንቺም ከቤትሽ የምታውቂው ነው፤ ጥያቄ አታብዢ። ለትምህርቱ ክፈይ። የተማርሽውን ለንግድ ልትጠቀሚበት እንደምትፈልጊ ከመጀመሪያው በግልጽ ንገሪያቸው፤ ፎቶ ማንሳት፣ የተክሉን ስም መጻፍ፣ የመምህርቷን ስም መጥቀስ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ። "ይህ ለአንቺ አይደለም" ከተባልሽ እዚያው ይብቃ። አንዳንዱ ዕውቀት ለወንድ ብቻ፣ አንዳንዱ ለሴት ብቻ፣ አንዳንዱም ለአንድ ወገን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሕጉን ላንሳ። ቪክቶሪያ ውስጥ የ2006ቱ የአቦሪጂናል ቅርስ ሕግ በ2016 ሲሻሻል የማይጨበጥ ቅርስንም ጨመረ፤ በመዝገብ የሰፈረ የአቦሪጂናል ዕውቀትን ያለ ባለቤቶቹ ስምምነት ለንግድ ማዋል ጥፋት ነው። በንድፍ ደግሞ በይበልጥ ተጠንቀቂ። በ1998 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የአርንሄም ላንዱ ሠዓሊ ጆኒ ቡሉን ቡሉን ሥዕሉ ያለ ፈቃዱ ጨርቅ ላይ ታትሞ በመሸጡ ያቀረበውን ክስ ሲመረምር፣ ሠዓሊው የጋናልቢንጉ ወገኑን ጥቅም የመጠበቅ አደራ እንዳለበት ተቀብሏል፤ ምስሉ ከአንድ ሰው በላይ የሆነ ነገር መሆኑን የአገሩ ሕግም አወቀው ማለት ነው። በ2019 ደግሞ አንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ያሠራቸውን ዕቃዎች አቦሪጂናል ሰዎች የሠሯቸው አስመስሎ በመሸጡ 2.3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል። መንግሥት ያቋቋመው የምርታማነት ኮሚሽን በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ የአቦሪጂናል ሥነ ጥበብ ካለባቸው የመታሰቢያ ዕቃዎች ከግማሽ በላዩ ሐሰተኛ ነው ብሏል። አንቺ ከእነዚህ ጋር እንደማትመደቢ አውቃለሁ፤ ገዢው ግን አንቺን ከእነሱ የሚለይበት የምትጽፊው ቃል ብቻ ነው። እኛም ቢሆን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአውሮፓ ፓተንት ወጥቶበት፣ በሔግ ያለው ፍርድ ቤት በ2018 በኔዘርላንድስ ዋጋ እስኪያሳጣው ድረስ እንዴት እንዳንገበገበን እናስታውሳለን። ያ ስሜት እዚህም እንዲመራሽ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ መለያው ላይ እንዲህ ብትይ ይበቃል፦ "በኢትዮጵያ ሸማኔ የተሠራ ጥጥ፤ ሜልበርን፣ ዉሩንጄሪና ቡኑሮንግ ምድር ላይ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በግራር ቅርፊት የተነከረ።" አንድም የተጋነነ ቃል የለበትም፣ የሁለቱንም አገር ባለሙያና ምድር ያከብራል። አንድ ቀን ከአንድ የሥነ ጥበብ ማእከል ጋር በጽሑፍ ተስማምተሽ ከሠራሽ ደግሞ የሴቶቹን ስም እነሱ በፈለጉት መንገድ ትጨምሪያለሽ።

ስለ ጥለቱ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ልብ በይ። የአሁኑ ጥለት ብዙ ጊዜ ሳባ ወይም ሌላ የፋብሪካ ክር ነው። ከሬዮን የተሠራው ክር እንደ ጥጥ ቀለም ይወስዳል፣ ፖሊስተርና አክሪሊክ አይወስዱም፤ አንዳንዱ ደግሞ ስትቀቅዪው የራሱን ቀለም ለቅቆ ነጩን ጨርቅ ያበላሸዋል። ወርቀ ዘቦማ ከሶዳና ከብረት ጋር አይስማማም። ሸማኔውን ጥለት የሌለው ጣቃ እንዲልክልሽ ጠይቂው፤ ጥለት ከፈለግሽም ክሩን ለብቻው ነክረሽ ላኪለት፣ እሱ ይሸምነው። ከእያንዳንዱ ንክር ቁራጭ ጨርቅ አስቀሪና የቅጠሉን ዓይነት፣ የተቀጠፈበትን ወርና ክብደቱን ጽፈሽ እሰሪበት፤ ያው ዛፍ በበጋና በክረምት አንድ ዓይነት ቀለም አይሰጥም።

ለገዢዎችሽም የአጠባቡን ነገር ንገሪያቸው። በቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፣ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ በረኪና አይነካው። በብረት የጠቆረው ጨርቅ ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ከተንጠባጠበ ያረፈበት ቦታ ይነጣል፤ ያንን ነጥብ መልሶ ማጥቆር የሚቻለው ጨርቁን እንደገና ታኒንና ብረት ውስጥ በመንከር ብቻ ነው።